ለአነስተኛ የትምህርት ቪዲዮ አዘጋጅ ቡድን የሚበጅ የጋራ ማከማቻ፤ ዋጃና የቆቦ ቆላ እንደ ምሳሌ

መግቢያ

ምስልንና ድምፅን ለትምህርት መሣሪያነት የማዋል ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተዘጋጁ ትምህርቶች በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀምረዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች በሳተላይት አማካይነት በየክፍሉ በተተከሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች እንዲደርሱ ተደርጓል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜም ትምህርቱ ጨርሶ እንዳይቋረጥ የተሞከረው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነበር።

እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ። ይኸውም ዝግጅቱ በአንድ ማዕከል ተጠናቅቆ ወደ አካባቢው የሚላክ መሆኑ ነው። በፕላዝማው ትምህርት ላይ ከመምህራን ሲሰማ የቆየው ቅሬታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፍጥነቱ ከተማሪው የመረዳት ዐቅም ጋር አለመጣጣሙ፣ መምህሩ ዝግጅቱን አቁሞ ለማስረዳት አለመቻሉ፣ ከተማሪው አካባቢ የተወሰዱ ምሳሌዎች ማነሳቸው በየጊዜው ተነግሯል። ዛሬ ካሜራ በመጠን አንሶ፣ ኤዲቲንግ የሚባለው የቪዲዮ ቅንብርም በተራ ኮምፒዩተር የሚሠራ በመሆኑ፣ አራት ወይም አምስት ሰዎች ያሉት ቡድን በወረዳ ደረጃ እንኳ የአካባቢውን ምሳሌ የያዘ ትምህርት ለማዘጋጀት ይችላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ቡድን ሲቋቋም ካሜራውና ኮምፒዩተሩ በዕቅድ ሲያዙ፣ የተቀረጸው ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ይረሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአነስተኛ ወጪ የሚቋቋም የጋራ ማከማቻ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ስለ ምን ቸል ሊባል እንደማይገባ ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች ማስረዳት ነው።

1. ጉዳዩ ስለ ምን ያሳስባል

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የራያ ሜዳ በማሽላና በጤፍ የታወቀ ነው። ዝናቡ አጭርና የማያስተማምን በመሆኑ፣ የአካባቢው ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ በተሠራ ግድብ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል። ይህ ጠለፋ የሚባለው ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ውኃውን በየተራ የመከፋፈል ልማዱ፣ የቦዩ አቀያየስ፣ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት የሚደረገው ዝግጅት ሁሉ ለጂኦግራፊ፣ ለግብርናና ለኅብረተሰብ ትምህርት እጅግ የበለጸገ ምሳሌ ይሆናል።

ነገር ግን ትልቁ ጎርፍ የሚመጣው በክረምት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሲመጣም ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ያልፋል። ካሜራ ይዞ ቦታው ላይ የደረሰ ቡድን የቀረጸውን ቢያጣ፣ መልሶ ለመቅረጽ አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ጥበቡን ያስረዱት አዛውንት ደግሞ በሚመጣው ዓመት መኖር አለመኖራቸውን የሚያውቅ የለም። እንግዲህ የማከማቻ ነገር የዕቃ ግዢ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ ይዘት ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

በቀድሞው የቴፕ ዘመን ይህ ችግር በከፊል በራሱ ይፈታ ነበር። የተቀረጸው ቴፕ ከካሜራው ወጥቶ ምልክት ይደረግበትና በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቅንብሩ ካለቀም በኋላ ዋናው ቅጂ በቦታው ይገኛል። የዛሬው ሜሞሪ ካርድ ግን ለሚቀጥለው ቀረጻ ስለሚፈለግ ወዲያው ይደመሰሳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሥራው ሁሉ ሕልውና የተመሠረተው ፋይሉ በተገለበጠበት ዲስክ ላይ ብቻ ይሆናል። መደርደሪያው ጠፍቷል፤ በምትኩ ሌላ መደርደሪያ ታስቦበት መሠራት አለበት።

2. የቪዲዮ ክብደት ሲመዘን

ማከማቻ ከመግዛት በፊት የሚቀመጠውን መመዘን ያስፈልጋል። የአንድ ቪዲዮ ክብደት የሚታወቀው በየሰከንዱ በሚያስመዘግበው የመረጃ መጠን ነው። ለትምህርት ሥራ በቂ የሆነ፣ ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ቀረጻ በሰከንድ 50 ሜጋቢት ያህል ቢይዝ፣ አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ በሰከንድ 6.25 ሜጋባይት ማለት ነው። ይህ በ3,600 ሰከንድ ሲባዛ ለአንድ ሰዓት 22.5 ጊጋባይት ይመጣል። ፎርኬ በሚባለው የላቀ ጥራት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከተቀረጸ ደግሞ የአንድ ሰዓቱ ክብደት 45 ጊጋባይት ይደርሳል።

ለምሳሌ ያህል በዋጃ አንድ ቡድን ተቋቁሞ በዓመት እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሚፈጁ 40 ትምህርቶችን ያዘጋጃል ተብሎ ይታሰብ። ለአንዱ ትምህርት 2 ሰዓት ጥሬ ቀረጻ ቢያስፈልግ፣ በጠቅላላው 80 ሰዓት ይሆናል። 80 በ22.5 ሲባዛ 1,800 ጊጋባይት ወይም 1.8 ቴራባይት ነው። ለድምፅ፣ ለሥዕላዊ መግለጫ፣ ኮምፒዩተሩ በቅንብር ጊዜ ለሚፈጥራቸው ጊዜያዊ ፋይሎችና ለተጠናቀቁት ትምህርቶች ያንኑ ያህል ቢጨመር የዓመቱ ፍላጎት 3.6 ቴራባይት፣ የሁለት ዓመቱ 7.2 ቴራባይት ይሆናል። ዲስክ እስከ ጫፉ ሲሞላ ሥራው ስለሚንቀራፈፍ አንድ አምስተኛው ያህል ባዶ መተው ይገባል። ስለዚህ 9 ቴራባይት ያህል ጥቅም ላይ የሚውል ቦታ ለሁለት ዓመት ይበቃል። ዕቅድ አውጪው እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ሁሉም በፎርኬ ይቀረጽ ቢባል፣ በክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ልዩነቱን ሳያየው የማከማቻው ወጪ በእጥፍ ይጨምራል።

3. የጋራ ማከማቻ ምንነትና አሠራር

የጋራ ማከማቻ ሲባል ዲስኮችን የያዘ አንድ ኮምፒዩተር ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሳጥን ሆኖ፣ በኔትወርክ ገመድ ከአቀናባሪዎቹ ኮምፒዩተሮች ጋር የተያያዘ ነው። በመካከላቸው ገመዶቹን ሁሉ የሚያገናኝ ስዊች የተባለ ማከፋፈያ ይኖራል። እያንዳንዱ አቀናባሪ ማከማቻውን በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዳለ ዲስክ ያየዋል፤ ፋይሉን ሳይገለብጥ እዚያው ባለበት ይሠራበታል።

ይህ በማይኖርበት ጊዜ የተለመደው ዘዴ ተንቀሳቃሽ ዲስክን ከሰው ወደ ሰው ማዘዋወር ነው። ዘዴው ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የአንድ ትምህርት ጥሬ ቀረጻ የሆነውን 45 ጊጋባይት በአሮጌ የዩኤስቢ መስመር፣ በሰከንድ በ30 ሜጋባይት ፍጥነት ለመገልበጥ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ለ40 ትምህርቶች ሁለት ሁለት ጊዜ ቢገለበጥ 2,000 ደቂቃ ወይም 33 ሰዓት ያህል በመጠባበቅ ያልፋል። ከዚህም የከፋው አንዱ ትምህርት በሦስት ዲስኮች ላይ ሦስት ዐይነት መልክ ይዞ መገኘቱና የትኛው የመጨረሻው እንደ ሆነ የሚያውቅ መጥፋቱ ነው።

የኔትወርኩ ፍጥነት ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ በቀላል ስሌት ይመለሳል። ዛሬ በአብዛኛው ኮምፒዩተር ላይ ያለው የ1 ጊጋቢት መስመር በንድፈ ሐሳብ በሰከንድ 125፣ በተግባር 110 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል። ሦስት አቀናባሪዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የኤችዲ ምስል በአንድ ጊዜ ቢያጫውቱ 3 በ2 በ6.25፣ ማለትም 37.5 ሜጋባይት ብቻ ይፈልጋሉ። አራት አራት ምስል ቢያጫውቱም ፍላጎታቸው 75 ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ቡድን የ1 ጊጋቢት ስዊችና ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የተባለው ገመድ በቂ ናቸው፤ ገመዱም እስከ 100 ሜትር ድረስ ያገለግላል። የ10 ጊጋቢት መሣሪያ መግዛት ለጊዜው ያለ አስፈላጊነት የሚወጣ ገንዘብ ነው። ዋይፋይ ግን ለዚህ ሥራ አይመከርም። ተጠቃሚዎቹ ሁሉ አንዱን የአየር ሞገድ ስለሚሻሙበት ፍጥነቱ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይለዋወጣል፤ ምስሉም ይቆራረጣል።

ይሁንና ከገመዱ ይልቅ ዲስኩ ራሱ እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለብቻው እንደሚሠራ ሠራተኛ ይቆጠራል። አንድ አንባቢ ተከታታይ ጥራዞችን ቢጠይቀው ፈጥኖ ያቀርባል፤ ሦስት አንባቢዎች ከተለያየ መደርደሪያ በአንድ ጊዜ ሲጠይቁት ግን ከወዲያ ወዲህ በመመላለስ ጊዜው ያልቃል። ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ሥራውን ለብዙ ዲስኮች ማከፋፈል ነው። ሁለተኛው ፕሮክሲ የሚባለውን፣ ከዋናው ምስል እጅግ የቀለለ የሥራ ቅጂ ማዘጋጀት ነው። አቀናባሪው በቀላሉ ቅጂ ሠርቶ ሲጨርስ ሶፍትዌሩ በመጨረሻው ዝግጅት ዋናውን ይተካበታል። በዚህ ዘዴ አሮጌ ኮምፒዩተሮች እንኳ አገልግሎት ይሰጣሉ።

4. ዲስክ ሲበላሽ

እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም ያወጣው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ 50 ሳህኖች ኖረውት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከላይ የተጠቀሰውን ቪዲዮ አንድ ሙሉ ሰከንድ እንኳ አያስቀምጥም። የዲስክ መጠን ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን እጥፍ አድጓል፤ ዲስክ መበላሸቱ ግን አልቀረም። ስለዚህ ጥያቄው ዲስኩ ይበላሻል ወይ ሳይሆን በሚበላሽበት ቀን ምን ይሆናል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ ሊቃውንት ርካሽ ዲስኮችን በማስተባበር ውድ የሆነውን ትልቅ ዲስክ መተካት እንደሚቻል በጽሑፍ አሳዩ። ይህ ሬይድ የሚባለው ዘዴ ነው። መሠረተ ሐሳቡን በተራ ሒሳብ ለተማሪ እንኳ ማስረዳት ይቻላል። በሦስት ዲስኮች ላይ 4፣ 7 እና 9 የሚሉ ቁጥሮች ቢጻፉና በአራተኛው ላይ ድምራቸው 20 ቢመዘገብ፣ 7 ያለበት ዲስክ ሲጠፋ ከ20 ላይ 4ንና 9ን በመቀነስ የጠፋው ቁጥር ይገኛል። ኮምፒዩተሩ የሚጠቀምበት ስሌት ከዚህ ትንሽ ቢለይም መንፈሱ አንድ ነው።

እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሆኑ አራት ዲስኮች ቢኖሩ ምርጫው እንደሚከተለው ይሆናል፦

ሀ/ ያለ ምንም ጥበቃ 16 ቴራባይት ይገኛል፤ ነገር ግን ዲስኮቹ እንደ አንድ ሆነው ሲያያዙ የአንዱ መበላሸት ሁሉን ያጠፋል።

ለ/ የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ ሲተው 12 ቴራባይት ይቀራል፤ የአንድ ዲስክ መበላሸትን ይቋቋማል።

ሐ/ የሁለት ዲስክ ያህል ሲተው 8 ቴራባይት ይቀራል፤ ማናቸውም ሁለቱ ቢበላሹ መረጃው ይተርፋል።

ለአነስተኛ ቡድን ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። ይኸውም እያንዳንዳቸው 12 ቴራባይት የሆኑ ሁለት ዲስኮችን ገዝቶ አንዱን የሌላው መስተዋት ማድረግ ነው። ቦታው 12 ቴራባይት ይሆናል፤ ጥገናውም ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት ስፍራ አያስቸግርም። በግዢ ጊዜ አንድ ነገር መጣራት አለበት። አንዳንድ ዲስኮች መረጃውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ እያደራረቡ የሚጽፉ ናቸው፤ እነዚህ ለማኅደር ቢሆኑም ለጋራ ሥራ አዝጋሚ ስለ ሆኑ፣ ሻጩ የዲስኩን የአጻጻፍ ዐይነት እንዲገልጽ በግዢው መመዘኛ ውስጥ ሊጻፍ ይገባል።

5. የስፍራው ጠባይ

የመሣሪያ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚጻፉት ቀዝቃዛና አቧራ የሌለበት ክፍልን በማሰብ ነው። የቆቦና የዋጃ ቆላ ግን ሞቃት ነው፤ በበጋም አቧራ ይበዛበታል። ስለዚህ የማከማቻው ሳጥን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ኮርኒስ ባለው፣ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በማይመታው ክፍል፣ ከወለል ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይገባል። የአየር ማስገቢያው በስስ ጨርቅ ወይም በስፖንጅ ማጣሪያ ተሸፍኖ በየሁለት ሳምንቱ ይጸዳል። የዲስኩ ሙቀት በሶፍትዌር ስለሚታይ በየቀኑ ይመዘገባል፤ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ከሄደ የማራገቢያው ወይም የክፍሉ ሁኔታ መመርመር አለበት።

ከሙቀቱ ይልቅ አደገኛው የመብራት ድንገተኛ መቋረጥ ነው። ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ሲጠፋ የአንድ ፋይል ብቻ ሳይሆን የመላው ማከማቻ ማውጫ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ የተባለው ባለ ባትሪ መሣሪያ የማከማቻው አካል ሆኖ መቆጠር ይኖርበታል። ባትሪው ሰዓታት እንዲያሠራ አይጠበቅም። ለ10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ በገመድ በሚልከው ምልክት ማከማቻው በሥርዓት እንዲዘጋ ቢያደርግ ተግባሩን ፈጽሟል። ስዊቹም ከዚሁ ዩፒኤስ ጋር መያያዝ አለበት። የፀሐይ ኃይል ለመጠቀም ለሚያስብ ትምህርት ቤት ደግሞ፣ 50 ዋት የሚወስድ ሳጥን በቀን ለ8 ሰዓት ቢሠራ የሚፈልገው 400 ዋት ሰዓት መሆኑን ማወቅ ለዕቅዱ ይረዳል።

6. ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጂ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚታየው ትልቁ ስሕተት ሬይድን ከመጠባበቂያ ቅጂ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። መስተዋት የሚያሳየው የፊቱን ነው። አንድ ሠራተኛ በስሕተት አንድ ማኅደር ቢደመስስ፣ ከሁለቱም ዲስኮች ላይ በዚያችው ቅጽበት ይደመሰሳል። ቫይረስ ቢገባ፣ ሳጥኑ ቢሰረቅ፣ ክፍሉ ቢቃጠል ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ በተካሄደው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ከነመሣሪያቸውና ከነመዝገባቸው መጎዳታቸው የዚህ ሐሳብ መራራ ማስረጃ ነው። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር ዕጣው ከቦታው ዕጣ ጋር የተሳሰረ ነው።

በሙያው የተለመደው ሕግ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዐይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም በሌላ ስፍራ የሚል ነው። በዋጃው ምሳሌ የመጀመሪያው ቅጂ በጋራ ማከማቻው ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው በየዕለቱ ማታ በተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ተገልብጦ፣ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ በሌላ ሕንፃ ይቆለፍበታል። ሦስተኛው በየሳምንቱ ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ተልኮ በአደራ ይቀመጣል። ሦስተኛውን በኢንተርኔት መላክ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 1 ቴራባይት ለማስተላለፍ ያለማቋረጥ 222 ሰዓት፣ ማለትም ከ9 ቀን በላይ ያስፈልጋል። በአውቶቡስ የሚላክ ዲስክ ግን በዚያው ቀን ይደርሳል። በኢንተርኔት መላክ የሚገባቸው ትንንሾቹ የቅንብር ፕሮጀክት ፋይሎችና የተጠናቀቁት ትምህርቶች ናቸው።

ያልተፈተነ ቅጂ ቅጂ አይባልም። በየወሩ አንድ ፋይል በዕጣ ተመርጦ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቅጂ ላይ ሊከፈትና እስከ መጨረሻው ሊታይ ይገባል። ሜሞሪ ካርድም ቢሆን ፋይሉ በሁለት ቦታ መኖሩ ሳይረጋገጥ ሊደመሰስ አይገባውም።

7. የአሠራር ሥርዓት

መሣሪያው ምንም ያህል ቢሟላ ሥርዓት ከሌለው ሸክም ይሆናል። በተለይ ሁለት አቀናባሪዎች አንዱን የፕሮጀክት ፋይል በአንድ ጊዜ ከፍተው ቢሠሩ፣ ኋላ ያስቀመጠው የፊተኛውን ድካም ያጠፋዋል። ይህን የሚከለክሉ ሶፍትዌሮች ቢኖሩም በአነስተኛ ቡድን ዘንድ ቀላሉ መፍትሔ የመዝገብ ደብተር ነው። ፕሮጀክቱን የሚከፍት ሰው ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል፤ ሲጨርስም ፈርሞ ይመልሳል። መምህራን ከቤተ መጻሕፍት የሚያውቁት ሥርዓት ስለ ሆነ ለማስለመድ አያስቸግርም።

የፋይል ስም አሰጣጥም አንድ ወጥ መሆን አለበት። ዓመት፣ የትምህርት ዐይነት፣ የክፍል ደረጃ፣ የትምህርቱ ተራ ቁጥርና የቀረጻው ቀን በዚሁ ቅደም ተከተል ቢጻፉ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው የፈለገውን ያገኛል። በዚህም ላይ ጥሬው ቀረጻ ከተቀመጠ በኋላ ማንም እንዳይደመስሰው ለንባብ ብቻ የተፈቀደ ሊደረግ ይገባል። የመደምሰስ ሥልጣን ለአንድ ኃላፊና ለአንድ ምትኩ ብቻ ይሰጣል።

8. ወጪን በቅደም ተከተል ማውጣት

ለማከማቻው የግድ አዲስ ሳጥን መግዛት አያስፈልግም። በመሥሪያ ቤቱ ያለ፣ ሁለት ዲስክ የሚይዝ ደኅና የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ወደ ማከማቻነት ሊለወጥ ይችላል። ትሩናስና ኦፕንሚዲያቮልት የተባሉት ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ሳምባ የተባለ ነፃ ፕሮግራምም ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ከዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ጋር ፋይል እንዲጋራ ያስችላል። ዝግጁው ሳጥን ብልጫው መብራት ቆጣቢነቱና ለአያያዝ ምቹነቱ ነው።

ገንዘቡ ውስን ሲሆን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ በመጀመሪያ ሁለት ጥሩ ዲስኮች፣ ቀጥሎ ዩፒኤስ፣ ከዚያም ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚሆኑ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች፣ ከዚያ በኋላ ስዊችና ገመድ፣ በመጨረሻ ፍጥነት የሚጨምሩ መሣሪያዎች። ዲስክ አላቂ ዕቃ መሆኑ ታውቆ በየአራት ወይም በየአምስት ዓመቱ ለመተኪያ የሚሆን በጀት ከወዲሁ መያዝ አለበት። ለአንድ ጊዜ ግዢ ብቻ የተመደበ በጀት ማከማቻውን አቋቁሞ ለመጥፋት ይተወዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተብራራው፣ ለአነስተኛ የትምህርት ቪዲዮ ቡድን የሚበቃ የጋራ ማከማቻ ከአንድ ተራ ኮምፒዩተር፣ ከጥቂት ዲስኮች፣ ከአንድ ስዊችና ከአንድ ዩፒኤስ የሚያልፍ ዕቃ አይጠይቅም። ከዕቃው ይልቅ የሚጠይቀው አስቀድሞ መመዘንን፣ በየዕለቱ መገልበጥንና በየወሩ መፈተሽን ነው። የራያ ገበሬ ጎርፉ ሳይመጣ ቦዩን ይጠርጋል፤ ጎርፉ ከመጣ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ውኃ እንደማይዝ ያውቃልና። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም ካሜራ ለመግዛት ሲያቅዱ የማከማቻውን ነገር በዚያው ዕቅድ ውስጥ ቢያካትቱት፣ በብዙ ድካም የተቀረጸው የአካባቢው ዕውቀት ለሚቀጥለው ትውልድ ተማሪ ሳይጎድል ሊደርስ ይችላል።